«ችሁ» ልል «ሽ» አልኩ

ጥር 14 ቀን 1999፣ ወልቂጤ

የፈተና ወረቀት አርሜ ጨረስኩ። ዘጠነኛ ክፍሎች ዘንድሮም ባለቤትና ግስ ማስማማት አልሆነላቸውም። «እናንተ መጣህ» ብሎ የጻፈ አለ። ስንቴ አስተማርኩ? ሲሰለቸኝ በቀይ አሰመርኩበትና አለፍኩ።

እማዬ እምድብር ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች። ከሮም አንድ ካርዲናል መጥተው ሕዝቡን በአደባባይ ያነጋግራሉ ተብሏል። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ከካቶሊክ አባት ጋር ምን ጉዳይ አለሽ ብላት፣ ልጅ ሳለች እዚያ ሚሲዮን ሁለተኛ ክፍል ድረስ መማሯን አስታወሰችኝ። «ፊደል ያስቆጠረኝ ቤት እንግዳ መጣበት ሲባል ቤቴ ልቀመጥ?» አለች። ትምህርት እስኪጀመር ሥራ ስለሌለኝ ይዣት እሄዳለሁ። መዘምራን ጓደኞቼ ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

ጥር 17

ጋሽ አለሙ የእማዬን ቀሚስ ለመንገዱ አሳጥረው አመጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፣ ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን የሚኖሩ። እማዬን ማግባት እንደሚፈልጉ ወልቂጤ ሙሉ ያውቃል። እሷም አትጠላቸውም። ሲመጡ ነጠላዋን እንዴት እንደምታስተካክል እኔ ልጇ አያለሁ። ግን ሽማግሌ ልላክ ባሉ ቁጥር እምቢ ትላለች።

ምክንያቷ አባቴ ነው። ተሰማ ትቷት ቡታጅራ ሄዶ ሌላ ሲያገባ እኔ ጥርሴን ገና አልነቀልኩም ነበር። ሲሄድ ግን አንቂት አሰረባት። አንቂት የታሰረባት ሴት፣ ባሏ በገዛ አፉ ካልፈታት ሌላ ብታገባ መቅሰፍት ይወርዳል ይባላል፣ በእሷ ብቻም ሳይሆን በልጆቿ። ፍርድ ቤት ካፋታቸው ቆይቷል፤ ለእማዬ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ያው ወረቀት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ይህ ሁሉ በክርስቶስ ተሽሯል ሲባል አሜን ትላለች። አሜን ብላ ትመጣና አታገባም።

«በእኔ ቢመጣ ግድ የለኝም፣ በእናንተ እንጂ» ትላለች። አሁን ደግሞ እህቴ ትዕግስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ጭራሽ ስሙም አይነሳም። እኔ በዚህ ጉዳይ ገብቼ አላውቅም። የእናት ትዳር የልጅ ጉዳይ አይደለም።

ጥር 20፣ እምድብር

ቆሜ ነው የምጽፈው። ሰው እንደ ጎርፍ ይገባል። እማዬ ጠፍታብኝ አገኘኋት። የሚያስተረጉሙት ቄስ፣ አባ ስዩም፣ ይጠሩኛል፤ ምን ፈልገው ነው?

ያው ቀን፣ አክስቴ ቤት

በጸጥታ ልጽፈው። ካርዲናሉ አጭር፣ ሽማግሌ፣ ፀሐይ አፍንጫቸውን ያቀላቸው ሰው ናቸው። በጣሊያንኛ ሲናገሩ አባ ስዩም ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ ከአማርኛው ወደ ጉራጊኛ የሚመልሱት ቄስ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ መዝሙር ሲያስጠኑ ቆይተው ድምፃቸው ተዘግቷል። አባ ስዩምን በመምህራን ስልጠና አውቃቸዋለሁ። በሰዉ መሀል አዩኝና በቄሱ ፈንታ ወደ ጉራጊኛ እንድመልስ ጠሩኝ።

«አባ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ» አልኳቸው።

«ቋንቋህም ጴንጤ ነው?» አሉኝ።

ወጣሁ። የአስተርጓሚው እናት ናት ተብሎ ለእማዬም ከፊት አግዳሚ ተሰጣት፤ ልክ ከእኔ ትይዩ። ስለ ውሃ ተናገሩ፣ ስለ ትምህርት፣ እንሰት ሲፍቁ ስለሚውሉ ሴቶች ድካም። ደህና አድርጌ መለስኩ፣ ባልዋሽ ደስም ብሎኛል። በቤተ ክርስቲያን ስንዘምር እንኳ ያን ያህል ሰው ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ባረኩ። አባ ስዩም «እግዚአብሔር ከእስራታችሁ ሁሉ ይፍታችሁ» አሉ። እኔም በጉራጊኛ አልኩት። አልኩት ብዬ ነው የማስበው።

ከዚያ በሴቶቹ በኩል እልልታው ቀለጠ። አባ ስዩም ዞረው አዩኝ። ካርዲናሉ ፈገግ ብለው እንደገና እጃቸውን አነሱ። እማዬ እልል አላለችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቁጭ አለች። ወደ አክስቴ ቤት ስንመጣ ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «ሰማሁህ» አለችኝ።

ጥር 21

የአክስቴ ጎረቤት ጠዋት በር ላይ ይዛኝ «ለማን ነው ያልከው?» አለችኝ። ለሁሉም አልኳት። «ለሁሉም አላልክም፤ ለአንዲት ሴት ነው ያልከው» አለች።

ገባኝ። በእኛም ቋንቋ እንደ አማርኛው ለአንዲት ሴት የሚባለውና ለብዙ ሰው የሚባለው ይለያያል። «ይፍታችሁ» ልል «ይፍታሽ» ብያለሁ። እዚያ ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ለአንዲት ሴት በሚባለው ተናገርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ብሆን ኖሮ በቀይ ይሰመርብኝ ነበር። በአንድ ፊደል ምን ይሆናል? ፀሐዩ ነው፣ ውሃም አልጠጣሁም ነበር።

የካቲት 2፣ ወልቂጤ

እማዬ ለጋሽ አለሙ «ሽማግሌ ይላኩ» አለቻቸው። ልብስ የሚተኩሱበትን ካውያ እሳት ላይ ረስተው እየሮጡ መጡ አሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ የሰማሁት ከሰው ነው።

ቤት ስገባ ጎመን እየከተፈች ታንጎራጉራለች። እማዬ፣ አንቺ እኮ ከባል በቀር ማንም አይፈታውም ትይ ነበር፤ ደግሞ ካቶሊክ አይደለሽም፤ ደግሞም እኔ ተሳስቼ ነው የተናገርኩት አልኳት። ሦስቱን አንድ ላይ አልኩባት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ያሰረኝ ቃል ነው፤ በእጄ ላይ ገመድ አይተህ ታውቃለህ? ቃል ያሰረውን ቃል ይፈታዋል። ያን ሁሉ ሰው አስመስክረህ ነው ያልክልኝ።»

ያልክልኝ አለች። ካርዲናሉ ያሉልኝ አላለችም። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የካቲት 5

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የሰው ቡራኬ በአፍህ አስተላልፈሃል አሉ። ለጊዜው ከመዘምራን «እንዳርፍ» ተወሰነ። እረፍት ይሉታል። እኔ ማስተርጎም ሌላ ማመን ሌላ ነው ብል፣ አንዱ «ታዲያ ለምን የተባለውን ብቻ አላልክም?» አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ይህን ከየት ሰሙ?

የካቲት 9

ትዕግስት ከቡታጅራ ደወለች። አባታችን ሰምቷል። ሱቁ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት «በእኔ አፍ የታሰረ በልጄ አፍ አይፈታም» ብሏል። የጉራጌን ባህል ለነጭ ሸጠብኝም ብሏል። ትዕግስት እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፤ እሷ ሁሉም ነገር ያስቃታል። «አንተ ግን ሳሚ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ቃል የማትስት ልጅ እንዴት ሳትክ?» አለችኝ። ሰው ነኛ አልኳት።

የካቲት 13

መምህራን ክፍል እንደ ገባሁ ሒሳብ አስተማሪው «ሳሚ፣ ‹እናንተ› ለአንዲት ሴት የሚሆነው በስንተኛው ምዕራፍ ነው?» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የካቲት 15

መናኸሪያ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ አለቅህም አለች። ከጉመር ነው የመጣችው፤ እሷም ያን ቀን እምድብር ነበረች፣ እሷም የታሰረች ናት። ያልኩትን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች፤ በጉራጊኛ ደገመችው፦ «እግዚአብሔር ከእስራትሽ ይፍታሽ፤ ከዛሬ ወዲያ የራስሽ ነሽ።»

ሁለተኛውን ማን አለው? አባ ስዩም አላሉም፣ ካርዲናሉም አላሉም። «ከዛሬ ወዲያ የራስሽ ነሽ» ባል አንቂት ሲያነሳ በሽማግሌ ፊት የሚለው ነው። ይህን ማለቴን አላስታውስም። ሴትዮዋ ጨምራ ይሆናል። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

ግን ከእሷ ከተለየሁ በኋላ፣ ቃሉ በአፌ ውስጥ እንግዳ አልሆነብኝም። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድም ነገር የለም።

የካቲት 18

ትዕግስት ደም ፈሰሳት። ተኝታለች፤ ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሏታል። እማዬ ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች።

የካቲት 19

እማዬ ጋሽ አለሙ ያመጡላትን አዲስ ጨርቅ አጣጥፋ በሰው መለሰችላቸው። ሽማግሌዎቹም እንዳይመጡ አለች። እኔን አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ይህ በብዙ እርጉዞች ላይ የሚደርስ ነው ብሎ ነበር። ነገርኳት። «ሐኪም የልጅ አያት አይደለም» አለች። ሌሊቱን ሙሉ ጸለይኩ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋብኝ። አንቂት ከንቱ ነው ብዬ ካመንኩ ያልኩትም ከንቱ ነው፣ ማንንም አልፈታሁም። ያልኩት ኃይል ካለው ደግሞ አንቂትም ኃይል አለው፣ እህቴን አስያዝኳት ማለት ነው። ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል። በጣም ፈርቻለሁ።

የካቲት 24፣ ቡታጅራ

በዓለም ገና ዞሬ፣ በቡኢ በኩል ገባሁ። ትዕግስት ደህና ናት፣ ደሙ ቆሟል፤ ተኝታ ሰው ታዛለች። ከእሷ ወጥቼ አባቴ ሱቅ ሄድኩ።

ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። እንደ ገባሁ ከደንበኛ ጋር ይነጋገር ስለነበር በርሜሉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አባቴ ሲነግድ ማየት ይገርማል፤ አንድ ቃል አያመልጠውም። «እሰጥሃለሁ» አይልም፣ «እናያለን» ነው የሚለው። ገበያው ሙሉ የተሰማ አፍ ሚዛን ነው ይለዋል።

ደንበኛው ሲወጣ፣ ጤናዬን ሳይጠይቅ፣ መጋቢት ላይ ሽማግሌ ፊት ቀርበህ ተሳስቻለሁ በል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል አለኝ። እኔም እርስዎ ሌላ አግብተው ልጆች አፍርተው እሷን ለምን ያስራሉ አልኩት። ልናገረው አስቤ አልነበረም። ምስማር መለየት ጀመረ።

«ማንም ፍታልኝ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «እሷም አልጠየቀችም። እንዲህ በሰው ፊት ነጥቆ መውሰድ ግን ነውር ነው።»

ስወጣ የእንጀራ እናቴ በጓሮ በር ተከትላኝ መጥታ፣ አባቴ በሌሊት ተነስቶ በረንዳ ላይ እንደሚቀመጥ ነገረችኝ። «እሷ ስትፈታ እኔም እተኛለሁ» አለች። ለእሷ አዝኜ አላውቅም ነበር። ዛሬ አዘንኩ፣ እሱም ግራ አጋባኝ።

የካቲት 28፣ ወልቂጤ

አባ ስዩም ለጉዳይ መጥተው አስጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። ሴቶቹ ለምን እልል እንዳሉ አሁን ገና ሰምቻለሁ አሉ። ስህተት ከሆነ ስህተት ነው ብለህ ተናገር፣ ሰው ይቅር ይላል። «ካልሆነ ግን በሰው አፍ የራስህን ቃል አስገብተሃል፤ የእንግዳ ልብስ ለብሰህ የራስህን ጉዳይ ፈጸምክ ማለት ነው» አሉኝ።

ስህተት ነው አልኳቸው። ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት።

መጋቢት 6

የሽምግልናው ቀን ተቆረጠ፣ መጋቢት 16። ቦታው የትዕግስት ግቢ፣ እሷ መንቀሳቀስ ስለማትችል። ሰብሳቢው ሐጂ ሰይዶ ናቸው፤ የመስቃን ገበሬ፣ ሽማግሌ። እስላም ስለሆኑ ለካቶሊኩም ለጴንጤውም አያደሉም ተብሎ ሁሉም ተስማማ።

መጋቢት 11

የምለውን እለማመዳለሁ። «ወገኖቼ፣ ያን ቀን ተሳስቻለሁ።» አጭር ነው። ጋሽ አለሙ በመንገድ አገኙኝና ስለ ዝናብ አወሩኝ። ስለ ሌላ ነገር አንድም አላነሱም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው እንግዲህ እናቴ ያጣችው፣ በእኔ ምክንያት። በእኔ ምላስ ምክንያት ማለቴ ነው።

መጋቢት 15

ነገ። «ተሳስቻለሁ» ካልኩ እማዬ እስክትሞት ታስራ ትኖራለች። «አልተሳሳትኩም» ካልኩ ውሸታም ነኝ፣ አባ ስዩምን አታልያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም አትመልሰኝም። እማዬ ምን እንድል እንደምትፈልግ እንድትነግረኝ ጠበቅኩ። እሷ ለትዕግስት የምትወስደውን ቆጮ ትጠቀልላለች።

መጋቢት 16

ሳይጠፋኝ ልጻፍ።

ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። አባቴ ኮት ለብሶ መጣ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር በረንዳ ላይ ነበረች፤ ሐጂ ሰይዶ ጠርተው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ትዕግስት በመስኮት ታያለች። ጸሎቱ እንዳለቀ ልነሳ ስል ሐጂ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«እኔ ያን ቀን እምድብር አልነበርኩም፣ የሰማሁት ሁሉ ወሬ ነው» አሉ። «ስለ ወሬ መፍረድ አይቻልም፤ መጀመሪያ የተባለው ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ ይነገረኝ።» እኔ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ይኼ ልጅ ይሸፋፍናል፣ እኔ ነኝ የምነግራችሁ አለ።

«ለማን ነው ያለው?» አሉ ሐጂ።

«ለእሷ ነዋ።»

«እንዴት አድርጎ? እንዳለው በልልኝ።»

አባቴ ተነሳ። ወደ እማዬ ዞረ። ወደ እሷ ካየ ስንት ዘመኑ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። ድምፁ ሲጀምር የቁጣ ነበር። «እግዚአብሔር ከእስራትሽ ይፍታሽ» አለ። ቀጥሎ ንግግሩ ቆመ። የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቁጣውም ጠፍቶ፣ «ከዛሬ ወዲያ የራስሽ ነሽ» አለ።

«አሚን» አሉ ሐጂ ሰይዶ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አሜን አሉ። ከበረንዳው ሴቶቹ አሜን አሉ።

አባቴ፣ እኔ እኮ እሱ ያለውን ነው የነገርኳችሁ አለ። ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ተሰማ፣ ባል በሽማግሌ ፊት፣ ሚስቱን እያየ፣ በገዛ አፉ ተናገረ። ወላሂ ከዚህ ሌላ የምንሰማው ምን አለን?» አሉት። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ተቀመጠ፣ የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ ውሃ ስጡኝ አለ። ውሃውን ያመጣችለት እማዬ ናት። ተቀብሎ ጠጣ።

እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 17፣ ወልቂጤ

ትናንት እጄ ደክሞ አልጨረስኩም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባቴን ተታለለ ብዬ ልዘንለት ሞከርኩ፣ አቃተኝ። እሱ የሚታለል ሰው ነው? አንድ ቃል ሳይመዝን የማያወጣ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዴት አመለጠው? ወይስ ተናዶ ነው? ሰው ሲናደድ ያመልጠዋል። ግን መሀል ላይ ቆሟል፤ ቆሟል እኮ፣ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ለራሴ ሳወራ እማዬ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ። ከጥር ጀምሮ ሁሉም የጠየቀኝን እሷ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

«ሳሚ፣ ያን ቀን ተሳስተህ ነው?»

ለሁሉም የመለስኩት መልስ አፌ ላይ ነበር። ፀሐዩ፣ ውሃው፣ አንዱ ፊደል።

«አይ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። የተደነቀች አልመሰለችም፤ የነጠላዋን ጠርዝ ይዛ አይኗን ጠረገች።

«እሱም አልተሳሳተም» አለች። «እናንተ አባትና ልጅ፣ ደግ ነገር ለመሥራት የግድ መሳሳት አለባችሁ።»